የጠዋቱ መርፌ

«እማዬ፣ ኢንሱሊኑን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፤ ከእጅሽ እንዳይለይ። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በረዶ ይሆናል» ትላለች ወለላ ከሞንትሪያል በቫይበር።

እማዬ ትላታለች፤ አንቺም ትላታለች። የማን እማዬ? የወንድሜ የዘሩ ሚስት ናት እንጂ እናቴ አልወለደቻት። ከስልክ ውጪ በዓይኗ እንኳ አይታት አታውቅም። በርበሬውንና ሽሮውን አስፈጭቼ፣ እዚህ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር ቤታችን ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ በዚህ ሙቀት ሻንጣ የምዘጋው እኔ ነኝ። ምርቃቱ ግን ወደ ስልኩ ይሄዳል።

«ደግሞ ሰዓቱን አደራ» ትላለች። «እኛ ከጅቡቲ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነን፤ ስትመጪ ቀኑ ይረዝምብሻል። እስክትደርሺ የእጅ ሰዓትሽን እንዳትነኪው፣ በጅቡቲ ሰዓት ተወጊ። ከዚያ ሐኪምሽ በጻፈልሽ መሠረት ቀስ ብለን ወደኛ ሰዓት እናዞርሻለን።»

«እሺ የኔ ብልህ» ትላታለች እናቴ።

ሐኪሙ ይህንኑ ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ። እኔም ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ያን ጊዜ ብልህ ያለኝ የለም። እናቴን መውሰዷ አንሶ፣ ገበያ እንደወጣ ሰው ሰባት ሰዓት አስመርቃ ትወስዳታለች።

«አውሮፕላን ላይ ግን ማን ይወጋሻል?»

«ራሴ እወጋለሁ» ትላለች እናቴ።

በሆዴ እስቃለሁ። እሷ? እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ የመርፌውን መስመር አይለይም። ስኳሩ የተገኘባት እጮኛዬ ልደቱ ቀለበቴን ተቀብሎኝ በሄደ ሰሞን ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እህል ውሃ አልል ብዬ ተኝቼ ነበር። በራፌ ላይ ቆማ «ስርጉት፣ እኔ አልቻልኩም፤ ተነሺና ውጊኝ» አለችኝ። ተነሳሁ። ያው ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ያለ እኔ እጅ ተወግታ አታውቅም። ድሬዳዋ ሥራ ሳገኝ እንኳ «እናቴን ማን ይወጋታል?» ብዬ ቀረሁ።

«እስቲ የዛሬ ጠዋቱን አሁን ራስሽ ሞክሪው፣ ልይሽ» ትላለች ወለላ። ካቃታት ጉዞው ይቀራል፤ ዘሩ ራሱ ነው ያለው። እንዲያቅታት እጸልያለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጸልያለሁ።

እናቴ ስልኩን ፔርሙዙ ላይ አስደግፋ ከፍሪጁ ብልቃጡን ታወጣለች። በሁለት መዳፏ መሐል ቀስ አድርጋ ታንከባልለዋለች። ትቀዳለች። መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳና አረፋውን በጥፍሯ ነካ ነካ አድርጋ ታስወጣለች። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትወጋለች፤ ጥቂት ትቆይና ትነቅላለች። ጠብታ አልፈሰሰም። እጇም አልተንቀጠቀጠም።

«እሰይ፣ ጎበዝ!» ትላለች ወለላ። እኔ እጇን አያለሁ። ይሄ ዛሬ የጀመረ ሰው እጅ አይደለም።

ስልኩ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ።

«እማዬ፣ ማን አስተማረሽ?»

«ጀዋሪያ ናታ፣ የሆስፒታሉ ነርስ።»

«መቼ?»

«ስኳሩ የተገኘብኝ ዕለት።» ከባጌት ዳቦው ትቆርሳለች።

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን አልችልም ስትዪኝ የኖርሽው?»

የጎረሰችውን አላምጣ ትውጣለች። ከዚያ ቀና ብላ ታየኛለች።

«እችላለሁ ብልሽ አንቺ ያኔ ትነሺ ነበር?»

የመርፌውን ክዳን ገጥማ እንደወትሮው እንድጥልላት ታቀብለኛለች። ባዶውን መርፌ ይዤ ሻንጣው አጠገብ ቆሜያለሁ። ዛሬም ከአልጋዬ የተነሳሁት ለዚህ መርፌ ነበር።