የጎኑ ወንበር

ታክሲ ነጂ የነበረው ሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ጌም ማጫወቻ ቤታችን ይመጣል። ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ በመኪና አደጋ ከሞተችበት ወዲህ እውነተኛ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሁለት ወንበር ያለው የእሽቅድምድም ማሽን ላይ ይቀመጥና ለራሱም ለባዶው ወንበርም ሳንቲም ይከታል። እሱ ይነዳል፤ የባዶው ወንበር መኪና መነሻው ላይ ተገትሮ ይቀራል።

እኔ ማሽኖቹን እየወለወልኩ አጫውተዋለሁ።

«አንተ ሰው፣ ብቻህን ተወዳድረህ አንደኛ መውጣት አይሰለችህም?» አልኩት ዛሬ።

«እዚህ ስንጫወት አንድ ቀን እንኳ አላስቀደምኳትም» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «‹አባዬ፣ አንዴ ልለፍህ› እያለች ትለምነኝ ነበር። እኔ እቴ! ከሕፃን ጋር እልህ።»

«ታዲያ አሁን ቁምላታ» ብዬ ቀለድኩ። ወዲያው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

እሱ ግን መጨረሻው መስመር ሊደርስ ሲል ፍሬን ያዘና ቆመ።

የባዶው ወንበር መሪ ወደ ግራ ዞረ፤ ተመልሶም ቀና አለ። በስክሪኑ ላይ መኪናዋ ከመነሻው ተነሥታ ትገሰግሳለች። በልቤ አማተብኩ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል እንዳልል፣ ኩርባዎቹን ሁሉ እንደለመዳቸው ሰው ትይዛቸዋለች።

ደርሳበት ጎን ለጎን ሆነች።

«እለፊ፣ ልጄ» አለ። «እለፊና ይቅር በይኝ።»

ከባዶው ወንበር ሥር የፍሬኑ ፔዳል ቀስ ብሎ ወረደ። መኪናዋ ቆመች።

«እለፊ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ፔዳሉ እንደተረገጠ ቀረ።