ቁልቁል የወረዱት

ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ፣ በገንዳ ያደጉት ዓሦች ወደ ጣና ከተለቀቁ ወዲህ ሁለት ክረምት መረባቸውን አልዘረጉም። «ወንዙን ሽቅብ ወጥተው፣ እንቁላላቸውን ጥለው በሕይወት ከተመለሱ ሐይቁ ለልጅ ልጆቻችሁ ይተርፋል» ያላቸውን ወጣት የዓሣ ሀብት ባለሙያ አምነው የጉማራን ወንዝ አፍ ያለ ደመወዝ ይጠብቁ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ተደብቆ የዘረጋውን መረብ እንኳ በገዛ እጃቸው ቆራርጠውበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድማቸው ሰላምታ ነሥቷቸው፣ «የእሱ ወንድም ዓሣው ነው፤ እኔማ ባዳ ነኝ» እያለ በመንደሩ ፊት ይሣለቅባቸዋል።

በመስከረም መገባደጃ ውሃው ሲጠራ ዓሦቹ ከስተው፣ ክንፋቸው ተተልትሎ፣ ነገር ግን በሕይወት፣ መንጋ መንጋ ሆነው ቁልቁል ወረዱ። ሽማግሌው እያለከለኩ ወደ ባለሙያው ቢሮ ገሠገሡ።

«ልጄ፣ ተመለሱ! በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው!»

ባለሙያው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እርስዎ ባይኖሩ አይሆንም ነበር፣ አባቴ።»

«እንግዲህ መረባችንን እናውጣ? ወንድሜንም ልታረቀው።»

«የወንዙ አፍ እኮ ለባለሀብት ተሰጥቷል። ውሉ የተፈረመው አምና ነው፤ የዓሦቹ መትረፍ እስኪረጋገጥ ነበር የሚጠበቀው። የማስገሪያ ጀልባዎቹ ሰኞ ይገባሉ።» እጃቸውን ገና አልለቀቀም። «እስከዚያ አደራዎን፣ ማንም እንዳይነካቸው።»