የሶስና ጣዕም

የምላስን ጣዕም በስልክ ወደ ክሪፕቶ ገንዘብ መመንዘር ከተፈቀደ ወዲህ፣ ፍሬው የራሱን ጣዕም በኦንላይን የፖከር ቁማር ተበልቶ ጨርሷል። ሚስቱ የውብዳር ይህን ችላው ኖራለች። ዛሬ ግን ምስር ወጡ ላይ ሳታውቀው ጨው ደግማ ኖሮ፣ ስትቀምሰው አንገሸገሻት። ትንሿ ልጃቸው ሶስና ግን ምንም ሳይመስላት ትጎርሳለች።

የውብዳር ደሟ ፈላ። «አንተ! የልጄንም ጣዕም አስይዘህ ተጫወትክበት?»

«በሚቀጥለው ጨዋታ አስመልሰዋለሁ፤ ካርታው ሊዞርልኝ ነው» አለ ፍሬው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ምድጃው ላይ የሚንተከተከው ድስት ውስጥ ከተተችው። «እንካ፣ እሱን ብላ!»

ሶስና የእናቷን ፊት አየችና ፈርታ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች።

«ይጣፍጣል እማዬ» አለች። «እውነቴን ነው፣ አትቆጪ።»