ቀሪው ጥያቄ

ሽማግሌው የማያውቁትን ሰው ግቢያቸው አስገብተው አያውቁም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ጎልማሳ ግን ስለ ወንድነት እንደሚያጠና፣ የነገሩት ሁሉ በምስጢር እንደሚያዝ፣ ስማቸውም እንደማይጻፍ አስረድቶ በአውራ ጣታቸው አስፈረማቸው።

«አባባ፣ ፈርተው ያውቃሉ?»

አገር በጀግንነት የሚያውቃቸውን ሰው ይህን የጠየቀ አልነበረም።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈርቻለሁ። በድንበር ተጣልተን ሞላልኝ ቢተው የሚባል ሰው ገደልኩ። እስሬን ጨርሼ ስመጣ አገሩ ወንድ አለኝ፤ በየሠርጉ ተዘፈነልኝ። የሟች ሚስት ግን የሁለት ዓመት ወንድ ልጇን አዝላ እንደወጣች ቀርታለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ያ ልጅ የመጣ ይመስለኛል። ይህን ተናካሽ ውሻ የማኖረውም ለእሱ ብዬ ነው። ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።»

እንግዳው መጻፉን ተወ። ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

«አመሰግናለሁ፣ አባባ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።» ከፈረሙበት ቅጽ አንዱን ቅጂ ሰጣቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ስመጣ ግን ውሻውን ቢያስሩልኝ።»

«ምን ገዶኝ፣ አስረዋለሁ!» አሉ፤ ከጫንቃቸው ሸክም የወረደላቸው ያህል ቀሏቸው ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ባለቤታቸው ወረቀቱን አነሡ። በመሠረተ ትምህርት የለመዱትን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ያነቡላቸው ጀመር።

«የአጥኚው ሙሉ ስም፤ ናትናኤል… ሞላልኝ… ቢተው።»