ቢጫ የተቀባው ቀይ

«ማነው ይሄን ቢጫ ያደረገው?»

ወንድሜ ዞር ብሎ አያየኝም። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ፊት ቆሞ፣ ለሕንፃው ባለቤት እየሳቀ ያብራራል። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ስክሪኑ ላይ፣ «ቦርዱ» በምንለው ሰሌዳ፣ የግንባታው ሥራዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሥራ የቀለም መለያ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ አጭር የጽሑፍ መለያ። አረንጓዴ አልቋል፣ ቢጫ ቀጥሉ፣ ቀይ እንዳትነኩ። ትናንት ወደ ቤቴ ስሄድ «የሦስተኛ ፎቅ ወለል፤ ድጋፍ ማንሳት» የሚለው ሥራ፣ ኮንክሪቱን እስኪጠነክር ከሥር የተሸከሙትን ቋሚ እንጨቶች መንቀሉ፣ ቀይ ነበር። ቀይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የድርጅቱ ኢንጂነር እኔ ነኛ!

«ወንድም ጋሼ፣ አንተን እኮ ነው።»

«እንግዳ አለን» ይላል፣ ፈገግታውን ሳያጠፋ።

«አይቻቸዋለሁ። እኔ የምልህ ቢጫውን ነው።»

«እኔ ነኝ፣ ምን ይጠበስ? ቦርዱ ደም በደም ሆኖ ነበር። እንግዳ ሲያየው ምን ይላል? ደግሞ ቀለሙን ቀየርኩ እንጂ ጽሑፍሽን መቼ ነካሁት? ይኸው፣ ‹ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ጠብቁ› ይላል። አንብቢ!»

ጽሑፉ አለ። ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ፎርማኑ ቦርዱን የሚያየው በስልኩ ነው፤ ስልክ ላይ የሚወጣው ደግሞ የሥራው ስምና ቀለሙ ብቻ ነው። ጽሑፉ ተነክቶ ካልተከፈተ አይታይም። ቀለም ያየ ሰው ምን ብሎ ይከፍታል? ቀለም የተፈጠረው እንዳይከፍት አይደል?

ፎርማኑን «አውሎ» ነው የምንለው። ቀጥል ከተባለ ቁርሱን የማይጨርስ ሰው ነው።

እደውላለሁ። ይጠራል፤ አይነሳም። ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ ከፎርማኑ በቀር ስልክ ይዞ የሚገባም የለም። ትእዛዝ ሁሉ በቦርዱ ይተላለፋል። ሕጉን ያወጣው ወንድሜ ነው፤ በየስብሰባው ይኮራበታል። ግንባታው ያለው ከተማው ማዶ ነው። በመኪና ብሮጥም አልደርስም።

ስክሪኑ ላይ የዳርቻው የድጋፍ ረድፍ አረንጓዴ ይሆናል።

«እንዴ! ሥራው ሲሄድ እዚሁ ይታያል?» ይላሉ ሴትየዋ።

«በቀጥታ ነው እትዬ! አሁን ሠራተኞቹ ያንን ረድፍ ጨረሱ ማለት ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ድጋፉን እያነሱት ነው።» ጆሮው ሥር ገብቻለሁ። «ኮንክሪቱ አልያዘም፤ የላቦራቶሪው ውጤት አልመጣም። ወለሉ ሥር ሰው አለ!»

«ቀስ በይ። በኋላ እናወራለን።»

«የምን በኋላ?»

ማውሱን ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ቀዩን እጫናለሁ። «አልተፈቀደልዎትም» ይለኛል ስክሪኑ። ቀለሙን ሲቀይር የመቀየር ፈቃዴንም አብሮ አንስቷል! የቀረልኝ ጽሑፍ ነው። «ቁሙ!» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከቢጫው ሥር ይገባል፣ ማንም በማይከፍተው በር ውስጥ።

ሁለተኛው ረድፍ አረንጓዴ።

«አንተ ቀይ አድርገው። ቀይ ሲሆን ስልኩ ይጮኻል፣ ይቆማሉ።»

«እሳቸው ፊት?» ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። «የሚቀጥለውን ሕንፃ ሊሰጡን እኮ ነው የመጡት። ሥራው ቆሟል ብዬ ልንገራቸው? አባባ የለፋበትን ድርጅት ልትቀብሪው ነው?»

«አንተ ሰው ልትቀብር ነው!»

ይህን በሹክሹክታ አልተናገርኩትም። ሴትየዋ ከወንበራቸው ቀና ይላሉ።

«ምንድነው ልጆች?»

የወንድሜ ፈገግታ ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። ሦስተኛው ረድፍ አረንጓዴ ይሆናል። የቀረው መሐሉ ነው። መሐሉ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከአባባ ኋላ ኋላ እያለ ያደገው ግንባታ ላይ ነው። ወለሉን አሁን የተሸከመው የመሐሉ ድጋፍ ብቻ ነው።

ማውሱን ገፋ አደርግለታለሁ።

«በል እንጂ!»

እጁ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ይጫናል።

ቢጫው ቀይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የምናደርገው የለም። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠናል። የመሐሉ ረድፍ አረንጓዴ ከሆነ ቀያችን ዘግይቷል ማለት ነው። አረንጓዴ አይሆንም። ምንም አይሆንም።

«ቀይ ምን ማለት ነው?» ይላሉ ሴትየዋ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እውጠዋለሁ። እሱ ይናገረው።

«እንዳትነኩ ማለት ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ቢጫ ነበር?»

ወንድሜ ዞር ብሎ ያየኛል።

ከቀዩ ሥር አዲስ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ከአውሎ ነው። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል ያነቡታል።

«መሐሉን ጀምረን ነበር። ወለሉ ከላያችን ድምፅ አሰማ። ሁሉም ወጥቷል፣ ሰው አልተነካም። ማነው ቢጫ ያደረገው?»

ጠረጴዛውን እይዛለሁ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አያወልቁም። ወንድሜን ያዩታል።

እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የመልሱን ሳጥን ይከፍታል። «እኔ» ብሎ ይጽፋል። ያጠፋዋል። የስክሪኑ ቀይ ጣቶቹ ላይ ወድቋል። እንደገና «እኔ» ብሎ ይጽፋል።