የእንግዳ ቀን ፍጥነት

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት?»

ጠያቂው የሥራ ፍጥነት ሊለካ ከፕላን ክፍል የመጣው ወጣት፣ ጓድ አስማማው ነው። ሰዓቱን በመዳፉ እንደያዘ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፈትል ክፍል ፀሐይወርቅ ፊት ቆሟል።

የቡድኑ ሦስት ሴቶች ከጧት ጀምሮ የፈትል መኪኖቻቸውን ሲያገለግሉ አላረፉም። ክር ሲበጠስ ሮጠው ይቀጥላሉ፤ ክር የሞላውን ማጠንጠኛ ነቅለው ባዶውን ይተካሉ። ማን ሩጡ አላቸው? ማንም። እንግዳ መጣ ሲባል ቤት እንደሚጠረገው ሁሉ እነሱም እጃቸውን አፈጠኑ። በእንግዳ ፊት መንቀርፈፍ ነውር ነው። እንግዳው የሚጽፈው ፍጥነት ከነገ ጀምሮ የቡድኑ ግዴታ እንደሚሆን የሰሙት ግን አሁን ነው፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

ፀሐይወርቅ ወደ ኋላዋ ሰረቅ አድርጋ አየች። ልጇ አደይ የመኪናውን ብረት ተደግፋ፣ ሳሏ እንዳይሰማ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። የጥጡ ብናኝ ደረቷን ከያዛት ከርሟል። በሌላው ቀን አደይ ሲደክማት እናቷና ሦስተኛዋ ሴት ዘይነት ተራ በተራ ወደሷ መኪና ይሻገራሉ፣ እንደ አገር ቤት ወንፈል። በዚህ ፍጥነት ግን ማን ለማን ይሻገራል? ግዴታውን ያላሟላ ደግሞ ከሥራ ይቀነሳል።

«ጓዲት ፀሐይወርቅ፣ አንቺን እኮ ነው» አለ የክፍሉ አለቃ ክንዱ። «መሠረተ ትምህርት ጨርሰሻል፤ የቡድኑ ተጠሪም አንቺው ነሽ። አንብቢና ፈርሚ።»

ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «የቡድኑ መደበኛ ፍጥነት» ይላል። ጣቷ «መደበኛ» ላይ ቆመ። መደበኛስ አይደለም። አይደለም ብትል ግን፣ ታዲያ በሌላው ቀን ለምን ዝግ ትላላችሁ ይባላል፤ የዚያም ስሙ አሻጥር ነው። በዚያ ስም ባለፈው ወር ከማቅለሚያ ክፍል የወሰዱት ሰው እስካሁን አልተመለሰም። አዎ ብትል ደግሞ ልጇ አለች።

ምነው ፊደል ባልቆጠርሁ፣ አለች በልቧ። አውራ ጣቴን አትሜ በተገላገልሁ።

«ዝምታ መስማማት ነው» አለ ክንዱ፤ እስክሪብቶውንም በጣቶቿ መካከል አስገባላት።

«የምን መስማማት ነው እሱ?»

ዘይነት ናት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረበች።

«ጓድ አስማማው፣ እርስዎ ቤት እንግዳ ሲመጣ በየቀኑ የሚበሉትን ነው የሚያቀርቡለት?»

ወጣቱ ፈገግ ሊል ቃጣውና የክንዱን ፊት አይቶ ተወው።

«ቀልድሽን ለሰፈርሽ» አለ ክንዱ።

«አልቀለድሁም። ዛሬ የሮጥነው ለእንግዳ ነው። በዚህ ሩጫ ሳምንት አንዘልቅም። እሷን ተዋት፤ ያልሁት እኔ ነኝ። ይጻፉ ጓድ፣ ዘይነት ሙሀመድሰዒድ።»

«የምትናገሪውን ታውቂያለሽ?» አለ ክንዱ።

«የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ መዝኜ ነው የምናገረው።»

ፀሐይወርቅ አሁንም እስክሪብቶውን እንደጨበጠች ነው። አዎ፣ ዘይነት ያለችው ልክ ነው፤ ይህን ብቻ እንኳ ማለት ትችል ነበር።

ጓድ አስማማው ሰዓቱን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያም ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ከፀሐይወርቅ እጅ ወሰደና ቁጥሩን በመስመር ሰረዘው።

«ሰኞ እንደገና እለካለሁ» አለ። «ያን ጊዜ እንግዳ አይደለሁም።»

ክንዱ ግን የዘይነትን ስም በደብተሩ ጻፈ።

ሰኞ ማንም አልሮጠም። ፀሐይወርቅ በመኪናዋ፣ አደይም በመኪናዋ ቆመው ነበር። በዘይነት መኪና ላይ ሌላ ሴት ቆማለች፤ ዘይነት ሳይወስዷት በፊት በእሑዱ አውቶቡስ ወረታ፣ ወላጆቿ ቤት ገብታለች።