ጭስ ያየ ሁሉ

በማጃንግ ጫካ ባለች አንዲት መንደር፣ ሥጋ የሚያጨስ ሰው ጭሱን ላየ ሁሉ ያካፍላል። አንዱ አዳኝ ግን ያደነውን ከርከሮ ለብቻው ሊበላ ቆርጦ፣ ከቤቱ ምድጃ ፍም ጭሮ፣ የቀረውን ሳያዳፍን በጥድፊያ ሹልክ አለ። ሸለቆ ገብቶ ሥጋውን ከእሳቱ በላይ በእንጨት ቆጥ ላይ ዘረጋው። ጭሱ ሽቅብ ባለ ቁጥር በቅጠል ይመልሰዋል፤ ሲብስበትም አፉን ከፍቶ ይውጠዋል።

ቀና ሲል በመንደሩ በኩል ጥቁር ጭስ ሰማይ ነክቷል።

“ይሄማ ጎሽ ነው! እነዚህ ስስታሞች፣ ደብቀውኝ ሊበሉ!” አለና መቀበያ የሚሆን ሰፊ ቅጠል ቀንጥሶ ከነፈ።

“ድርሻዬን!” እያለ ደረሰ።

“የምን ድርሻ ወንድሜ?” አለችው ጎረቤቱ፣ ውሃ የሞላ ቅል እያስታቀፈችው። “የሚነደው ያንተው ቤት ነው፤ ሙሉውን ውሰደው።”